ማዘር የተቀበሉት ሣር

ጎረቤቴ አስካለ ባለፈው ሳምንት ዓይኗ አብጦ መጣች። ምን ሆንሽ ሳልላት ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። መነኩሲት የሆነችው ልጇ ማርታ ከአገር ልትወጣ ነው። ማኅበሯ ፊሊፒንስ መድቧታል፤ ባሕር መካከል ያለ አገር ነው አሉ። አስካለ ከወላይታ ወደ ቡራዩ ስትመጣ ካቶሊክነቷን ከጓዟ ጋር ይዛ የመጣች ሴት ናት። ልጇ የመነነች ቀን እልል ብላ ደግሳለች፤ እኔም ኦርቶዶክስነቴ ሳይከለክለኝ ዳቦ ደፍቼላታለሁ። አሁን እልልታው የለም።

«ጥሩዬ» አለችኝ፣ «አንቺ የእነዚህን መነኮሳት ነገር ከድሮም ታውቂያለሽ። አለቃቸው ዘንድ ሽማግሌ ብልክ ይተዉልኝ ይሆን?»

እኔ ለመልስ የምሰንፍ ሰው አይደለሁም። ሟቹ ባሌ ታደሰ «አንቺ እኮ ለገደል ማሚቶም መልስ ትሰጫለሽ» ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሻይ አፈላሁላት፣ ስኳር አበዛሁበት፣ ሌላ ወሬ ፈለግሁ። ከሄደች በኋላ የራሴ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ተቀምጬ የገፈርሳውን ዘመን አሰብኩ።

ያኔ የምንኖረው ከገፈርሳ ግድብ ወዲህ፣ ባሕር ዛፉ መካከል ነበር። ታደሰ አጠና ይነግዳል። የበኩር ልጄን የወለድኩት በዚያ ክረምት ነው፤ ጫልቱ አልናት። መልኳ የሚበላ ነበር። ሁለቱ እግሮቿ ግን ወደ ውስጥ ዞረው፣ ውስጥ እግሯ ወደ ላይ ያያል። አማቴ ቶሎ ብላ በጨርቅ ጠቀለለቻት፤ ያ አጠቃለል እስከ ዛሬ ያመኛል። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ አዋቂ ሆነ። አንዷ እርጉዝ ሆኜ በቀትር ወንዝ ስለተሻገርኩ ነው አለች፤ ሌላዋ የባሌን ዘር መቁጠር ጀመረች። ከተማ ወስደናት የነበረው ሐኪም «ከፍ ስትል በኦፕሬሽን ይታያል» ብሎ መለሰን። ከፍ እስክትል ምን እንደምናደርግ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ነጭ ጋዋን ፊት ጥያቄ ይጠፋል።

ሲስተር ሊሲን ያገኘኋት እንዲህ ተስፋ ቆርጬ ነው። ከመንገዱ ወዲያ የካቶሊክ መነኮሳት ሁለት ክፍል ክሊኒክ ነበራቸው። እሷ የሕንድ አገር ሰው ናት፤ ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ዛምቢያ ሠርታለች። የክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ትልቅ የዓለም ካርታ ተሰቅሎ ነበር፤ የማኅበሩ ቤት ባለበት ቦታ ሁሉ ቀይ ነጥብ አለ። የእኛዋ ነጥብ አዲስ አበባን ሸፍናት ነበር። ሰዉ የወደዳት መጀመሪያ በመድኃኒቷ አይመስለኝም። ሩዟን በእጇ ጠቅልላ ስትበላ፣ ቃሪያ እንደ እኛ ሳታለቅስ ስትገምጥ አይተው ነው። ጠዋት በር ላይ ቆማ በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ!»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ስትል አሮጊቶቹ ሕመማቸውን ትተው ይስቃሉ። «አንቱ» ስላት ደግሞ «አንቱ አትበይኝ፣ አታስረጂኝ» ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አንቺ ሆነች።

የጫልቱን እግር ፈታ አየችና «የሕፃን አጥንት ሊጥ ነው፣ ሳይደርቅ እንድረስበት» አለችኝ። ሥራው እንዲህ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ እግሯን በመዳፏ ይዛ፣ ቀስ አድርጋ ጥቂት ወደ ውጭ ትመልሳለች፤ እዚያው እንደያዘችው ጥጥ ተጠቅልሎ ከላዩ ጀሶ ይደረግበታል። በሳምንቱ ጀሶው ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ ይወጣል፣ እንደገና ጥቂት ትመልሳለች፣ እንደገና ጀሶ። ጫልቱ ስታለቅስ ሊሲ በአገሯ ቋንቋ ታዜማለች። እኔ ማየት ስለማልችል ካርታውን አያለሁ። ዓለምን ያወቅሁት ልጄ እያለቀሰች ነው።

ክረምቱ አልፎ ቀኝ እግሯ እንደ ሰው እግር ሆነ። ግራው ግን እልኸኛ ነበር፤ ይመጣል፣ ይመለሳል። አንድ ማክሰኞ ሊሲ ጀሶውን እያለሰለሰች፣ ቀና ሳትል «ጥሩዬ፣ እኔ መሄዴ ነው» አለችኝ።

«ለስንት ቀን?» አልኳት።

ፔሩ የሚባል አገር ተመድባ ነበር። ካርታው ላይ አሳየችኝ፤ ከዚህ በኋላ ሌላ አገር የሌለ ይመስል ግድግዳው ጠርዝ ላይ ነው። በምትኳ የምትመጣው መነኩሲት አስተማሪ ናት፤ የጀሶ ነገር አታውቅም።

«የጫልቱ ግራ እግርስ?»

«እሱን ነው ሌሊት ሌሊት የማስበው» አለች። «ግን እዚያም ሕፃናት አሉ።»

«እዚህ ያሉት የድመት ግልገል ናቸው?» ብዬ ጮህኩባት። ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። እጇ ጀሶ ስለነበር ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

ወሬው ሰፈሩን ለመዞር አንድ ቀን አልፈጀበትም። ኦቦ ደበላ የሚባሉ የአካባቢው ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰው የገደለንና የሟችን ወገን ያስታረቁ፣ ሲናገሩ ላም እንኳ ማመንዠኳን ታቆማለች የሚባልላቸው። የልጅ ልጃቸውን የተቃጠለ እጅ ያዳነችው ሊሲ ናት። «አለቃዋ ሰው አይደለችም እንዴ? ሰው ከሆነች ትለመናለች» አሉ። ልመናውም በአገሩ ወግ ይሆናል ተባለ። ወጉን ለማያውቅ ልንገር። እርጥብ ሣር በእጅ ተይዞ ይቀርባል። ተለማኙ ሣሩን ካልተቀበለ ነገሩ ገና ነው፣ ሽማግሌውም ከተቀመጠበት አይነሣም። ሣሩን ከተቀበለ ግን አለቀ፤ እሺ ብሏል። ሣር ተቀብሎ ቃሉን ያጠፈ ሰው ከብቱም ልጁም አይባረክለትም፤ እንዲህ ያለ ሰው በአገራችን ታይቷል ሲባልም አልሰማሁም።

የማኅበሩ የበላይ፣ ማዘር የሚሏቸው፣ ከውጭ መጥተው ሰበታ ባለው ቤታቸው አርፈው ነበር። ኦቦ ደበላ፣ የደብራችን ቄስ አባ ገብሬ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችና ጫልቱን ያዘልኩ እኔ ሄድን። ሣሩ ከግድቡ ዳር በጠዋት ተነጭቶ፣ እንዳይጠወልግ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ አባ ገብሬን «አባ፣ ለካቶሊክ ሽምግልና ነው አሉ?» ብሎ ሊያሾፍ ሞከረ። አባ ገብሬ «ለሃይማኖቷ አይደለም፣ ለእጇ ነው» አሉት። ሰበታ ስንወርድ መንገዱ ዳር የባቄላ እሸት እየሸጡ ነበር፤ ኦቦ ደበላ ገዝተው አደሉን። ደስ ብሏቸው ነበር። እኔም እሸቱን እየፈለፈልኩ፣ ማታ ለታደሰ ምሥራቹን እንዴት እንደምነግረው አስብ ነበር።

ማዘርን ቀይ ፈረንጅ አድርገን ነበር የጠበቅናቸው። ያገኘናቸው አጭር፣ ጠይም፣ መነጽራቸው የወፈረ ኮሎምቢያዊት አሮጊት ናቸው። እስያ ውስጥ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል አሉ። ደግ ፊት ነበራቸው፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። የእኛን ቋንቋና የእሳቸውን የምታውቅ አንድ ሰው ብቻ ግቢው ውስጥ ነበረች፤ እሷም ራሷ ሊሲ ናት።

«ኦቦ» አለች ሊሲ ፊቷ እየቀላ፣ «ስለ ራሴ እንዴት አድርጌ ልለምን?»

«ስለ ራስሽ አይደለም፣ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ስለ እኛ ነው። አንቺ አፍ ብቻ ሁኚልን።»

አፍ ሆነች። ኦቦ ደበላ መሬት ላይ ተቀምጠው ተናገሩ። «ይህች ልጅ ስትመጣ የማን ናት አላልንም። ቁስላችንን በእጇ ነካች፤ የነካ ዘመድ ነው። ዛሬ የእኛ ልጅ ናት። ይህን ሕፃን እዩልን፤ አንድ እግሯን ሰጥታችሁ አንዱን አትንሱን» አሉ። ሊሲ ቃል በቃል ትተረጉማለች፤ ድምፅዋ እንደ ሬዲዮ ወጥ ነበር፣ ዓይኗ መሬት ላይ። «የእኛ ልጅ» የሚለው ላይ ስትደርስ ብቻ ተሳሳተች፤ አርማ ደገመችው። ማዘር መነጽራቸውን አወለቁ፤ እንባቸውን አየሁ። ኦቦ ደበላ በጉልበታቸው ሆነው ሣሩን ዘረጉ።

ማዘር ተነሡ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አሸተቱት፣ ደረታቸው ላይ አደረጉት፣ አንዳች ነገር ብለው ጎንበስ አሉ።

እልል አልኩ! ከእኔ ጋር የግቢው ዘበኛ ጭብጨባውን አቀለጠው። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁ። አባ ገብሬ አጠገባቸው የነበረችውን ወጣት መነኩሲት መስቀል ሊያሳልሙ ቃጣቸው። ሊሲ ግን የቆመችበት ቆማ ነበር።

ወደ እሷ ጠጋ አልኩ። «ቀረሽ እኮ! ምነው?»

«አልቀረሁም» አለችኝ በሹክሹክታ። «ማዘር ልመናውን ሰምተው አዘኑ እንጂ እሺ አላሉም፤ ሣሩ የስንብት ስጦታ መስሏቸዋል። 'ሲሄዱ አበባ የሚሰጡ አገሮች ብዙ አይቻለሁ፣ ሣር የሚሰጥ ግን አላየሁም' ነው ያሉት።»

«ታዲያ ሣር ምን እንደሆነ ንገሪያቸው!»

«ብነግራቸው ለራሴ መለመን ነው። ሂጂ ስባል ለምን ላልል ምያለሁ፣ ጥሩዬ። የሰዎቹን ቃል አድርሻለሁ፤ ሣሩን ብፈታላቸው ግን የእኔ ቃል ይሆናል።»

ያን ጊዜ ያበድኩ መሰለኝ። ኦቦ ደበላ በዚያ በኩል ሰላም ብለው የተሰበሰቡትን መነኮሳት እጅ ይነሣሉ። ማዘር ሣሩን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ እንዲያደርጉላቸው ለአንዷ ሰጡ። ጫልቱን ከጀርባዬ አውርጄ፣ በቀጥታ ሄጄ ማዘር እቅፍ ውስጥ አደረግኋት። ጀሶ ያለበትን እግር አነሣሁ፣ ሊሲን በጣቴ አሳየሁ፣ መሬቱን መታሁ፤ እዚህ ትቅር ማለቴ ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በማውቀው ሁሉ ተናገርኩ። ማዘር ጀሶውን ሳሙት። ግንባሯ ላይ አማትበው፣ በራሳቸው ቋንቋ ረጅም ነገር ነገሩኝ። ለስላሳ ነገር እንደነበር ከድምፃቸው ያስታውቃል። ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሊሲን ስዞር የለችም፤ ወደ ጸሎት ቤቱ ገብታለች።

በመልሱ መንገድ ለኦቦ ደበላ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። ኋላ «ሣር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሰውን እንዴት ያዛል?» አሉ። እኔም ሊሲ ላይ ፈረድኩባት፤ በአንድ ቃል የልጄን እግር ማዳን ስትችል መሐላዋን መረጠች ብዬ ነው። ዛሬ አልፈርድባትም፤ ገብቶኛል ማለት ግን አይደለም።

የመጨረሻው ማክሰኞ ጀሶ አላደረገችም። ጀሶውን የሚያወጣ ስለማይኖር እጄን በእጇ ይዛ የጫልቱን እግር እንዴት እንደምመልስ ስታሳየኝ ዋለች። «እስከዚህ፤ ከዚህ በላይ አይደለም። ስታለቅስ አትልቀቂ፣ ስትጮህ ልቀቂ» አለችኝ። ከሄደች በኋላ ጠዋት ማታ እንዳለችኝ አደረግሁ። የእኔ እጅ ግን የእናት እጅ ነው፤ ልጅ ስታለቅስ ይለቃል። ግራው እግር ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት ሄደ፤ እየያዝኩት፣ እያየሁት።

ጫልቱ አሁን ሱሉልታ ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት ከፍታ ልጆቿን ታሳድጋለች። ሱሉልታ ለብርዱ ነው እንጂ ገበያው ጥሩ ነው ትላለች። ግራ እግሯን ጎተት ታደርጋለች፤ ጫማዋ በውጭ በኩል ቀድሞ ያልቃል። የስፌት መኪናውን ፔዳል በቀኝ እግሯ ብቻ ትረግጣለች እንጂ ስፌቷ እንከን የለውም። እኔን አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። እግሯን ሳይ ፊቴን የማዞረው እኔ ነኝ።

ማርታ እሑድ ልትሰናበተኝ መጣች። ገና ልጅ ናት፤ ነጭ ልብሷ ላይ ጭቃ እንዳይነካ ቀሚሷን ሰብስባ ጉልበቴን ሳመች። ነርስ መሆኗን አላውቅም ነበር። እዚያ ደሴት ላይ ክሊኒክ ውስጥ ልትሠራ ነው።

«ስንት ዓመት ትቆያለሽ?» አልኳት።

«ሌላ ቦታ እስኪልኩኝ ነዋ፣ እትዬ።»

ያን ጊዜ ከእሷ ጀርባ አንዲት የማላውቃት ሴት ታየችኝ፤ ልጇን አቅፋ ተራ ይዛ የተቀመጠች፣ ማርታን እንደ እኅቷ የምትወድ። የእሷን ልብ ማን ያድነው? እጇን ያዝኩና «አንድ ነገር ልለምንሽ። ሂያጅ ነኝ፣ የእናንተ አይደለሁም ብለሽ ከመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው። ቀድሞ ከተነገራቸው ይሻላቸዋል» አልኳት።

ማርታ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። እናቷ አስካለ ደጃፌ ላይ የልጇን ጃንጥላ ይዛ፣ እንዳንሰማት አፍና ታለቅሳለች።

«እትዬ ጥሩዬ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እናቴ እንደምሄድ መንኜ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር እኮ።»

እጇን ለቀቅኩት።