ሁለት ጥቅል ጥቁር ክር

የልብስ ሰፊዋን መሳቢያ የከፈተ ሰው፣ ከመርፌው፣ ከቁልፉና ከጠመኔው ስር አንዲት ያልተፈታች ጥቅል ጥቁር ክር ያገኛል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያው ናት። ስንት ጥቁር ሱሪ ተሰፍቶ ከዚያ ቤት ሲወጣ እሷን የነካት የለም። ክር ሲያልቅባት ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን አቁማ፣ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ሱቅ ትወርዳለች እንጂ ያቺን አትፈታም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ባሏ የከተማው ቡድን አምበል ነበር፣ የመሀል ተከላካይ። ዛሬም በስሙ የሚጠራው የለም፤ ለሁሉም አምበሉ ነው። ከላይ የሚመጣ ኳስ ሁሉ የሱ ነበር። ተጋጣሚው ቢያሻማ ቢያሻማ ያ ግንባር ከሰው ሁሉ በላይ ብቅ ይልና ኳሷን ወደመጣችበት ይመልሳታል። ቴስታ ሲመታ "ጧ!" የሚለው ድምፅ መጨረሻ ረድፍ የተቀመጠው ሰው ድረስ ይሰማል ይሉ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱ ጥቁር ክር እንዲገዛላት ላከችው፣ ገዝቶ መጣ። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ደግሞ ከውጭ ገባና፣ ፊቱ በርቶ፣ "ይኸው ክርሽ!" ብሎ ሌላ አንድ ጥቅል ጭኗ ላይ ጣል አደረገላት።

ሳቀች እንጂ ምን ታድርግ! "እሰይ የኔ ጌታ፣ አንተን የመሰለ ባል የት ይገኛል!" አለችው። ለጎረቤት አወራችው፤ ጎረቤትም ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ፍቅር አሳብዶት ነው ተባለ። በዓመቱ ከሜዳ ወደ ቤት የሚመጣበት መንገድ ጠፋው። በሦስት ዓመቱ የገዛ ልጁን "አንተ የማን ነህ?" አለው። ከዚያ ወዲህ ያንን ወሬ ደግማ ለሰው አውርታው አታውቅም። ልጇም አልሰማውም፤ ሲሳቅበት ገና ነፍስ ያላወቀ ሕፃን ነበር።

አምበሉ አሁን ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ስር ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁርጥራጭ ጨርቅ ያጥፋል። ያጠፈውን ይፈታል፣ ደግሞ ያጥፋል። ልብስ ሰፊዋ ቤቷ ውስጥ የምትሠራው እሱን ትታ መሄድ ስለማትችል ነው። የስፌት መኪናዋን ከወንበሩ ትይዩ አስቀምጣ፣ አንድ ዓይኗ ስፌቱ ላይ፣ አንድ ዓይኗ እሱ ላይ ሆኖ ልጅ አሳደገች።

ልጁ ሰባት ዓመቱ ላይ አንድ ነገር አገኘ። ከናቱ ቁርጥራጭ የሠራትን የጨርቅ ኳስ እንዲያው ሲጫወት ወደ አባቱ ወረወራት። አባትየው ከወንበሩ ብድግ አለና፣ አንገቱን ወደኋላ ስቦ፣ ጧ! አድርጎ መለሰለት። ሁሉንም የረሳ ሰው ግንባሩ ግን አልረሳም ነበር። ልጁ በደስታ ጮኸ፤ እናቱ መኪናዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ አባትና ልጅ ግንባር ለግንባር ኳስ ይቀባበላሉ፤ መጀመሪያ በጨርቋ፣ በኋላም በእውነተኛዋ። የአምበሉ ፊት ሰው የሚመስለው ያችን ሰዓት ብቻ ነበር። "ሐኪም ያጣውን መድኃኒት ልጄ አገኘለት" እያለች ለደንበኞቿ ታወራ ነበር። እሷን የሚያሳስባት የመስኮቱ መስታወት ነበር። አይ መስታወት! ቢሰበር በሌላ ይተካ ነበር።

እንዲህ ሆኖ የተማረ ልጅ ኳስ ተጫዋች ባይሆን ነበር የሚገርመው። በአስራ ሰባት ዓመቱ ተስፋ ቡድን ገባ። በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ዋናው ቡድን ወሰደው፤ እናቱም አባቱ ይለብሰው የነበረውን አምስት ቁጥር በገዛ እጇ ማልያው ላይ ሰፋችለት። አሰልጣኙ ምን እጁ እንደገባ ወዲያው ነው የገባው። ሌላው ተጫዋች ልምምድ ጨርሶ ሲታጠብ እሱን ብቻ ያስቀረውና ከቀኝ ስልሳ፣ ከግራ ስልሳ ኳስ ያሻማለታል። ልጁ ቤት ሲገባ ግንባሩ ቀልቶ፣ ዓይኑ ብርሃን ጠልቶ ይገባል። "ራሴን ትንሽ ይዞኛል" ይላል፤ ያልፋል።

የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገ ቀን እናቱ ቤት ሆና በሬዲዮ ነው የሰማችው። ተቀያሪ ወንበር ላይ ቆይቶ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አስገቡት። ወዲያው የማዕዘን ምት ተገኘ፣ ተሻማ፣ ከዚያ የሬዲዮው ሰውዬ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ "ጎል! የአምበሉ ልጅ! አምበሉ ተመለሰ!" ብሎ ጮኸ። ልብስ ሰፊዋ ዘላ ተነሳች። "ሰማህ? ልጅህ ነው እኮ!" ብላ ወደ ባሏ ዞረች። አምበሉ ቀና እንኳ አላለም፤ ጨርቁን እያጠፈ ነው። "አምበሉ ተመለሰ" የሚለው ቃል ያኔ ጆሮዋ ላይ ሌላ ሆኖ ተሰማት።

በዚያው ሰሞን ወጌሻው ለእንኳን ደስ ያለሽ መጣ። የተጫዋች ጅማት የሚያሽ፣ የወደቀውን ውሃ ደፍቶ የሚያስነሳ፣ ከአባትየው ዘመን ጀምሮ በዚያው ቡድን ያረጀ ሰው ነው።

"ጋሽ ወጌሻ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይዋሹኝ" አለችው። "የባሌ ነገር ከኳሱ ነው እንዴ የመጣው?"

ወጌሻው አምበሉን አየና ቶሎ ፊቱን መለሰ። "እህቴ፣ የኛ ዘመን ኳስ እኮ ኳስ አይደለም። ቆዳ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ድንጋይ ነው። የዛሬው ላባ ነው፣ ላባ! ይልቅ ደስ ይበልሽ።"

ጥያቄዋን እንዳልመለሰላት አላጣችውም። ግን ደስ መሰኘት ፈለገችና "ላባ" የምትለዋን ቃል ይዛ ቀረች። ከዚያ በኋላ በጨነቃት ቁጥር ላባ ነው፣ ላባ ነው እያለች መኪናዋን ትረግጣለች።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ልጁና የተጋጣሚው አጥቂ ለአንድ ኳስ ዘለው ግንባር ለግንባር ተላተሙ። ልጁ ወደቀ። ወጌሻው ሮጦ ውሃ ደፋበት፤ ተነሳ፣ እስከ መጨረሻው ተጫወተ፣ አሸነፉ። ቤት መጥቶ እየሳቀ ነው ያወራላት።

"እማ፣ ጉድ ልንገርሽ? ሁለተኛው አጋማሽ የት እንደገባ እኔ እንጃ። ተጫወትክ ይሉኛል፣ እኔ ምንም አላስታውስም!"

አልሳቀችም። ድሮ አንዴ ስቃለች፤ ይበቃታል።

በሳምንቱ የሱሪው ኪስ ተቀዶ ልትሰፋለት ስትገለብጠው በአራት የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ክለቡ የላከው ሐኪም የጻፈው ነው፤ ለአሰልጣኙ። ልጁ ለሦስት ወር ኳስ እንዳይነካ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ራሱን ደግሞ ቢመታ አእምሮው ሊጎዳና ጉዳቱም ላይመለስ እንደሚችል ይላል። ቀኑን አየችው። ከተጻፈ አምስት ቀኑ ነው። አሰልጣኙ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው።

"ይሄ ምንድነው?" አለችው ሲገባ።

"ወረቀት ነዋ።"

"እሱማ ወረቀት ነው። ማንበብ የማልችል መሰለህ እንዴ?"

"እማ፣ እኔ ልሙት ደህና ነኝ። እስቲ እዪኝ፣ ምን ሆንኩ?"

"አባትህም ደህና ነኝ ነበር የሚለው!"

ልጁ ወደ መስኮቱ ዞር አለ። አባቱ ጨርቅ ያጥፋል። "አባዬ የተጫወተው በዚያ ድንጋይ ኳስ ነው። ጋሽ ወጌሻ ነገረኝ እያልሽ ስንቴ ያወራሽኝ አንቺ አይደለሽ?" ከዚያ ቀረብ ብሎ ጉልበቷ ስር ቁጢጥ አለ። "የትልቁ ክለብ ሰዎች እሁድ ሊያዩኝ ይመጣሉ። ሁለተኛ አይመጡም። በሞቴ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ! ከዚያ ሦስት ወር አይደለም፣ ስድስት ወር ተኛ ብትይኝ እተኛልሻለሁ።"

አንጀቷን በላት። ሀያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ከዚያ ኳስ በቀር ከአባቱ ያገኘው ነገር የለም። ወረቀቱን አልመለሰችለትም፣ ለአሰልጣኙም አልወሰደችም። መሳቢያዋን ከፍታ ከዚያች ካልተፈታች ክር ስር ሸጎጠችውና ዝም አለች። በዚያ ዝምታዋ ራሷን ስትረግም ትኖራለች።

እሁድ ሬዲዮውን አልከፈተችም። ከሰፈሩ ጩኸት ነው ማሸነፋቸውን ያወቀችው። ልጇ ሮጦ ገብቶ አቀፋትና ከመሬት አነሳት። ወደውታል! ሐሙስ ጠዋት ይፈርማል፣ ቅዳሜ በአዲሱ ማልያ ይሰለፋል።

"ቅዳሜ?" አለች። "ሦስት ወር ያልከውስ?"

"ውይ እማ፣ ገና ሳልጀምር ልተኛ? ምን ይሉኛል! ትንሽ ልልመዳቸውና፣ ከዚያ።"

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ለፊርማው የሚለብሰውን ጥቁር ሱሪ ልክ እያስገባችለት ነበር። አንድ እግሩን ሳትጨርስ ክር አለቀባት። ልጁ "እኔ ልሂድልሽ" አለና ሄዶ ገዝቶ መጣ። ማሽኑ ላይ አስገብታ ስፌቷን ቀጠለች። ልጁ ጓደኞቹን ሰላም ሊል ወጣ። ሁለተኛውን እግር ጨርሳ፣ የተረፈውን ክር በመቀስ እየቆረጠች ሳለች በሩ ተከፈተ።

ፊቱ በርቷል። "ይኸው ክርሽ!" አለና አንድ ጥቅል ጥቁር ክር ጭኗ ላይ ጣል አደረገላት።

ክው ብላ ቀረች። ከዚያ፣ ተስፋ መቼም አያልቅም፣ ማን ነግሮት ይሆን ብላ አሰበች። ሊያበሽቀኝ ነው። እግዜር ይይለትና ሊቀልድብኝ ነው።

"ትቀልዳለህ?"

"ምኑን?"

ዓይኑን አየችው። ተንኮል የለበትም። ሥራ ተልኮ ፈጽሞ የመጣ ሰው ዓይን ነው፣ ምስጋና ይጠብቃል። ያንን ዓይን አንዴ አይታዋለች።

"እሰይ የኔ ጌታ" አለችው። ክሩን ከፊተኛው ጎን አስቀመጠችው። መሳቢያውን ከፈተች፣ ከሦስተኛዋ፣ ከዚያች ካልተፈታችው ጥቅል ስር ወረቀቱን አወጣችና ተነሳች። ይህ ወረቀት ክለቡ ቢሮ ከገባ ነገ ፊርማ የለም። ምናልባት ከዚያ ወዲያም አይኖርም። ልጇ ዓይንሽን አልይ ሊላት እንደሚችልም ታውቃለች። ይበል! ስሟን እያወቀ ይጥላት፣ ይሻላል። ሹራቧን ደረበች።

"ወዴት ነሽ?"

ምን እንደምትለው አላሰበችበትም ነበር። ምላሷ ላይ የመጣውን አለች። "ክር… ክር አልቆብኝ።"

"አንቺ ምን አደከመሽ! ቁጭ በይ፣ እኔ ሮጬ አመጣልሻለሁ" አለ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ። "ምን ዓይነት? ጥቁር?"

ሁለቱ ጥቅሎች ማሽኑ ላይ፣ ዓይኑ ስር ናቸው።

"አይ፣ አንተ… አንተ አባትህ ጋ ቆይልኝ" አለችውና ወጣች።

የግቢውን በር ሳትከፍት፣ ከመስኮቱ በኩል ያ ድምፅ መጣ። ጧ። ትንሽ ቆየና፣ ጧ። አስራ አራት ዓመት ሙሉ እየሰማች ደስ ሲላት የኖረው ድምፅ ነው። በጥፊ የመቷት ያህል ደነገጠች። ተመልሳ ገባች፣ ከሁለቱ መሀል ቆማ ኳሷን በአየር ላይ ለቀም አደረገችና ብብቷ ውስጥ ወሸቀቻት።

"እማ! ምን ሆንሽ?" አለ ልጁ እየሳቀ።

ወረቀቱን በእጇ፣ ኳሷን በብብቷ ይዛ ወደ ክለቡ ቢሮ መንገድ ጀመረች። በመስኮቱ ስታልፍ ባሏን አየችው። አንገቱን ወደኋላ ስቦ፣ ግንባሩን አስተካክሎ፣ ኳሷ እስክትመጣለት ቆሞ ይጠብቃል።