አጣቢዋ የጣለችው ኮርስ

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ሰባት ኮርስ ይዛ ነበር። ሰባት! ሃያ አንድ ክሬዲት። ስትመዘገብ ምን እንደነካት እንጃ፣ የቀረበላትን ሁሉ ሞልታ ወጣች። የማጠቢያ ክፍሉ አለቃ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ፤ ወንበሩ ደግሞ ዲፕሎማ ላለው ነው ተብሏል። አሥራ አንድ ዓመት አንሶላ ያጠበች ሴት ብትቸኩል ምን ይፈረድባታል?

ግን አልቻለችም። በአጋማሹ ፈተና ሁለቱን ወደቀች። ክፍል ውስጥ ዓይኗ ይከደንና እስክሪብቶው ከእጇ ያመልጣል። የኮሌጁ አማካሪም ቁርጡን ነገረቻት።

"እህቴ፣ አንዱን ጣዪ። ዛሬ፣ ቢሮ ሳይዘጋ። አለበለዚያ ሁሉም ይበላሽብሽና ትባረሪያለሽ።"

የትኛውን? ባዮሎጂን ነዋ! ሥራ ቦታ ስታወራው ልብስ ተኳሿ ጓደኛዋ ካውያዋን እንደያዘች ሳቀች።

"የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ አውቀሽ ማንን ልታክሚ ነው? ጣዪው! ማኔጅመንቱን ግን እንዳትነኪ፣ ወንበሩ ያለው እሱ ላይ ነው።"

"እሱስ ልክ ነሽ።"

"አለቃ ስትሆኚ ደግሞ መስኮቱ ሥር አዙሪኝ፣ በሙቀት አለቅሁ።"

ኮርስ ለመጣል በሚሞላው ቅጽ ላይ የመምህሩ ፊርማ ያስፈልጋል። ከሰዓት ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ሄደች። መምህሩ ገና ልጅ ነው፤ ሊጀምር ሲል ደረሰች።

"ይቀመጡ፣ ስጨርስ እፈርምልዎታለሁ።"

ጥግ ይዛ ተቀመጠች። መምህሩ የእንቁላል ነጩን ሁለት ብርጭቆ ውስጥ ከፈለው። አንዱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አንዱ ላይ የፈላ ውሃ ጨመረ። ቀዝቃዛው ውስጥ ፈሳሽ እንደሆነ ቀጠነ። የፈላው ውስጥ ግን ያ ብርሃን የሚያሳልፈው ነገር ነጣ፣ ጓጎለ፣ ብርጭቆው ላይ ተጣበቀ።

እጇ ሳታዘው ተነሣ። ክፍል ውስጥ ተናግራ አታውቅም።

"መምህር፣ ይሄ... ደም ነው።"

"እንቁላል ነው እንጂ!" አለ አንዱ፣ ተማሪው ሁሉ ሳቀ።

"አይ፣ ማለቴ... የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እኛ ደም የነካውን አንሶላ ሙቅ ውሃ አናስነካውም። ከነካው አለቀ፣ ይበስልና ይይዛል። በቀዝቃዛ ከሆነ ይለቃል። ሥራ ያስለመደችኝን ሴትዮ ለምን ብላት፣ 'ዝም ብለሽ እጠቢ' አለችኝ።"

መምህሩ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"እንቁላሉም ደሙም ፕሮቲን አለው። ሙቀት ሲያገኘው ቅርጹ ይለወጣል፣ ከዚያ ወዲያ አይመለስም። እርስዎ ይሄንን ነው አሥራ አንድ ዓመት ሲሠሩት የኖሩት።" ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። "ያሉትን ጻፉ።"

ጻፉ። ያ ሁሉ ልጅ አንገቱን ደፍቶ የእሷን ቃል ጻፈ። እሷ በረኪና የሰነጣጠቀውን እጇን ታያለች። ለካ በየቀኑ ከዚህ እጅ ሥር እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ኖሯል፣ አጠገቧ፣ ባልዲው ውስጥ! ሳሙናውስ? በረኪናውስ ምን እያደረገ ይሆን? ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ድምፅ ማሰማት ፈራች።

ትምህርቱ ሲያልቅ መምህሩ እጁን ዘረጋ። "ያምጡት፣ ልፈርም።"

"ይቅር መምህር።" ቅጹን አጣጠፈችው።

አዲስ ቅጽ ሞላች። የማኔጅመንቱ መምህር ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ፈረመላት። ሬጅስትራሯ ግን በመስኮቱ አየቻት።

"ይሄ ኮርስ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። ዘንድሮ ከጣሉት ዲፕሎማው ይዘገያል፣ አስበውበታል?"

ዲፕሎማው ከዘገየ ወንበሩ የሌላ ሰው ነው። ቅጹን በመስኮቱ ገፋ አደረገችው።

"አስቤበታለሁ" አለች፣ ድምፅዋ እምብዛም ሳይሰማ።

በማግስቱ ተኳሿ ጮኸችባት።

"ቀውሰሻል! ወንበሩን በእንቁራሪት ለወጥሽው?"

አጣቢዋ ነገረቻት፤ ስለ ብርጭቆዎቹ፣ ስለ ደሙ፣ ስለማይመለሰው ቅርጽ። ቃሉ እየጠፋባት፣ በእጇ እያሳየች። ተኳሿ አፏን ከፍታ ሰማች። ከዚያ ካውያዋን አንስታ የተጨማደደ ጋውን ላይ አሳለፈችውና ድንገት ቆም አለች።

"ስሚ እስቲ። ካውያ ሲነካው ቀጥ የሚለውስ ለምንድነው?"

"እኔ እንጃ" አለች አጣቢዋ። "ሰኞ እጠይቅልሻለሁ።"