«ይሰበራል» ብዬ የጻፍኩበት ደብተር

ሐሙስ ጠዋት ከኢምፔሪያል እስከ ኦሎምፒያ በታክሲ ሄድኩ... ጥፋቴን ላምን።

የልጅ ልጄ ሰሚራ ዲዛይን ትማራለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ግማሹ ስርዝ ድልዝ ስለሆነ የመለማመጃ መሰለኝ። አንዱ ገጽ ላይ የሚታጠፍ በርጩማ ሥላለች። ሥዕሉ ያምራል... እግሩ ግን ልክ ብሎኑ የሚገባበት ቦታ ላይ ቀጥኗል። አርባ ዓመት እንጨት ስሠራ ማንም አላስተማረኝም፤ ይህን ግን አውቃለሁ። እስክሪብቶ አንስቼ በትልቁ «ይሰበራል» ብዬ ጻፍኩበት።

እሷ ምንም አላለችኝም። እኔም አላነሳሁባትም። ልክ ነኛ!

ሐሙስ ቁርስ ላይ እናቷ፣ «አባባ፣ ዱዓ ያድርጉላት፤ ዛሬ ደብተሯ ይታያል» አለችኝ።

«የቱ ደብተር?»

«ያ ስርዝ ድልዙ ነዋ! መመረቋ በእሱ ነው። የሌላ ሰው እጅ ከገባበት ይጥሏታል አሉ።»

ዳቦዬን ትቼ ተነሳሁ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው «አባት፣ ቀጠሮ አለዎት?» ሲለኝ አልፌው ደረጃውን ወጣሁ። ደብተር የሚታይበትን ክፍል ጠይቄ ሳላንኳኳ ገባሁ። ሰሚራ ቆማለች፤ መምህሯ ደብተሩን ይዛለች።

«ልጅቷ ጥፋት የለባትም። የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ወይኔ አባባ!» ሰሚራ ፊቷን ሸፈነች።

መምህሯ ግን ብድግ አለች። «እርስዎ ነዎት እንዴ? ይምጡ፣ ይዩት!»

ከጽሑፌ ሥር ሰሚራ እንዲህ ብላለች፦ «አያቴ ይሰበራል አሉ። ግትር ናቸው። ሠርቼ አሳያቸዋለሁ።»

ቀጣዩ ገጽ ላይ እግሩ ለሁለት የተከፈለ በርጩማ ፎቶ ተለጥፏል። «ተሰበረ» ይላል። ከዚያ እግሩን አወፍራ ሠራች፤ እሱም ተሰነጠቀ። በመጨረሻ የብሎኑን ቦታ ቀየረች... ቆመ።

«ያማረ ሥዕል ሁሉም ያመጣል፤ ንጹሕ ደብተርም ሞልቷል» አለች መምህሯ። «የት እንደተሳሳተች፣ ማን እንደተቃወማት፣ ከዚያ ምን እንዳደረገች የሚያሳይ ግን ዛሬ ይህን ብቻ ነው ያየሁት።»

«እና... አልጣላችኋትም?»

«ኧረ አባቴ! ከሁሉም በላይ ማርክ ነው የሰጠናት።»

አልሐምዱሊላህ... ከኋላዬ ያገኘሁት ነገር ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ሦስተኛው በርጩማ ነው። ቻለኝ።

ደረጃውን ስንወርድ፣ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ልክ ነበሩ ብዬ ከማምንልዎትማ ብባረር ይሻለኛል!»

እኔ አርባ ዓመት የተሰበረብኝን ሁሉ ሰው ሳያየው ማገዶ አደረግኩት... እሷ ደብተሯ ላይ ለጥፋ ማርክ ወሰደችበት።