በባንችይርጋ ድምፅ ልክ

ደባሱ ድምፀ መልካም አልነበረችም። ይህን እሷም ታውቀዋለች፣ ጎረቤቶቿም ያውቁታል። ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደሯ ግን ሠርግም ሆነ ልቅሶ ሲኖር ዘፈኑንም እንጉርጉሮውንም የምታነሳው እሷ ነበረች። ከየት መነሳት እንዳለበት ታውቅበታለች። ዘፈን አውጪዋ ከፍ አድርጋ ከጀመረች ተቀባዮቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። በጣም ካወረደችው ደግሞ ቃሉ ደረት ውስጥ ይቀበራል። ደባሱ ከመጀመሯ በፊት የተሰበሰበውን ሰው ዞር ዞር ብላ ታያለች። አሮጊቶች ከበዙ ታወርደዋለች፤ ልጃገረዶች ከበዙ ታወጣዋለች።

ይህን ያስተማራት ሰው የለም። እንዴት እንደምታውቅ ሲጠይቋት፣ "ሰዉ ሲያወራ እሰማለሁ። እዚያው ወሬው አጠገብ እጀምራለሁ" ትል ነበር።

በ1976 ዓ.ም. የካቲት ላይ የኪነት ቡድን ውስጥ አስገቧት። በመጪው መስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ስለሚከበር ከየገበሬ ማኅበሩ ዘፋኝ እንዲመለመል ታዞ ነበር። ስሟን ያስመዘገበው ሊቀመንበሩ ነው፤ አልጠየቃትም። ባሏ ውዱ ምድጃው አጠገብ ጋደም ብሎ፣ "ሂጂ እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል። ምናልባት የሚቀመስ ነገር ይሰጧችሁ ይሆናል" አላት። ያለፈው ክረምት እህሉን ሳያደርስ ነበር የወጣው፤ የበልጉም ዝናብ እስካሁን ጠብ አላለም። የቀራቸው አንድ በሬ ጥር ላይ ሞቷል።

ልምምዱ ላሊበላ ከተማ፣ መስኮቱ የተሰባበረ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ዘፋኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው። አሠልጣኙ ከፋለ የሚባል የኮን ከተማ ሰው ነው፤ ሥራው መምህርነት ሆኖ ክራር ይመታል። ቀጭን፣ ለስለስ ያለ፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል ሰው ነበር። ዘፈኑ በታይፕ ተመትቶ ከበላይ የመጣ ነው። ስለ ምርት ነበር። አዝማቹ "ጎተራው ሞላ፣ ምርቱ ተረፈ" ይላል። ከፋለ ከወረቀቱ አነበበላቸው። ቀና ብሎም ሳያያቸው ክራሩን አነሳ።

ክራሩን የቃኘው በሸጌ ድምፅ ነበር። ሸጌ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ሳያስጨንቃት ሽቅብ ይወጣል። ሌሎቹ ከኋላ ከኋላዋ እየተንጠራሩ ይከተሏታል። በመጀመሪያው ወር ከልምምድ በኋላ አንዳንድ እፍኝ ቆሎ ይታደል ስለነበር እንደምንም ደረሱባት። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ቆሎው ቀረ። ግንቦት ላይ "ጎተራው" የሚለው ቃል ጋ ሲደርሱ ከአሥራ ሁለቱ የሚሰሙት አራት ብቻ ሆኑ።

ደባሱ አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረች።

"መምህር፣ ክራሩን ትንሽ ያላሉት" አለችው።

"ከዚህ ከወረደ የደስታ ዘፈን መሆኑ ይቀራል እኮ፣ እትዬ ደባሱ።"

"አሁንስ የደስታ ነው? የምትዘፍነው ሸጌ ብቻ ናት። እኛማ አፋችንን እንከፍታለን እንጂ አንዘፍንም።"

ከፋለ አልተከራከረም። መቃኛዎቹን አንድ በአንድ አላላና አውታሮቹን ነካ ነካ አደረገ። "እስኪ እዚህ ይሞክሩት" አላት። ሞከረች። ጉሮሮዋን አልከበዳትም። በማግስቱ ስምንቱ ተሰሙ።

ሰኔ ላይ ግን እሱም ከፍ አለባቸው። ከፋለ እንደገና አወረደው። ከመንደሯ እስከ አዳራሹ ያለውን መንገድ ድሮ ሳታርፍ የምትሄደው ደባሱ አሁን ሁለት ጊዜ እየተቀመጠች ነበር የምትደርሰው። ስትደርስ ሌሎቹም ግድግዳውን ተደግፈው ታገኛቸዋለች። ማንም ስለ ረኃብ አያወራም። "ጀመርን?" ይባባላሉ፣ ይነሳሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይቀመጣሉ።

ሐምሌ መጀመሪያ ሸጌ አዝማቹን ስትዘፍን ራሷን ስታ ወደቀች። ውኃ አፍስሰውባት ነቃች። "ምንም አልሆንኩ፣ ቆሜ ስለቆየሁ ነው" አለች። ከሦስት ቀን በኋላ ከነቤተሰቧ በራቸውን ዘግተው ቁልቁል ወደ ቆላ መውረዳቸው ተሰማ። በዚያው ሳምንት ውዱም አውራ ጎዳናው ላይ ባለችው ጋሸና የዕርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች ይቆማሉ መባሉን ሰምቶ በትሩን ይዞ ሄደ። ደባሱ መንገዱ ድረስ ሸኘችው። "በዓላችሁ ሲያልቅ ነይ" ብቻ ነው ያላት።

"እንግዲህ በማን ልቃኘው?" አለ ከፋለ፣ ሸጌ የምትቆምበትን ቦታ እያየ።

ደባሱ ወደ ባንችይርጋ ጠቆመች። ባንችይርጋ ከሁሉም በዕድሜ የገፋች፣ ከሁሉም የደከመች ሴት ነበረች፤ ሰሞኑን ከንፈሯን ከማንቀሳቀስ አልፋ አታውቅም።

"በእሷ? ድምፅዋ እኮ አይሰማም።"

"ሲያወሩ ድምፃቸው ይሰማል። እማማ ባንችይርጋ፣ እስኪ ስምዎን ይበሉ።"

"ባንችይርጋ" አለች አሮጊቷ፣ ግራ ገብቷት።

"እስኪ ይድገሙት።"

"ባንችይርጋ ነኝ፤ ምን ሆናችኋል?"

ከፋለ ጆሮውን ወደ ክራሩ ዘንበል አድርጎ አንዷን አውታር ስሙ ሲጠራ ከተሰማው ድምፅ ጋር እስክትገጥም ድረስ አላላት። ከዚያ ሌሎቹን በእሷ አስተካከለ። ደባሱ ዘፈኑን ከዚያ አነሳችው። ከአሥራ ሁለቱ ሰባት ብቻ ቀርተው ነበር፤ ሰባቱም ዘፈኑ። ባንችይርጋም ዘፈነች። ከወራት በኋላ ሁሉም ባንድነት የተሰሙት ያን ቀን ነው። ሲጨርሱ አንደኛዋ ሴት ሳቀች፤ ወዲያው ሳቁ ሳል ሆነባት።

በነሐሴ ማለቂያ ሙሉሃብት የሚባለው ካድሬ ሊሰማቸው መጣ።

"ምንድነው ይኼ? ለበዓል ነው ወይስ ለተዝካር? ከፍ አድርጉት!" አለ።

ከፋለ አውታሮቹን ወጠራቸው። ደባሱ ወደ ላይ አነሳችው። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ አምስቱ ተከተሏት፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፤ አዝማቹን ብቻዋን ጀመረችው፣ እሱም መሀል ላይ ተቆረጠ።

"ጌታዬ፣ እዚያ ላይ አንደርስም" አለችው። ለክርክር የሚሆን ጉልበት ስላልነበራት ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

ሙሉሃብት ፊት ለፊቱ የቆሙትን ሰባት ሰዎች ከጫፍ ጫፍ አያቸው። የሱም ካኪ ሸሚዝ ትከሻው ላይ ሰፍቶት ነበር። "በምትችሉት አድርጉት። ቃሉ ግን ይሰማ" ብሎ ወጣ።

መስከረም ሁለት ቀን የከተማው ሜዳ ላይ ሕዝቡ ከጧት ጀምሮ ቆሟል። ንግግር ተደረገ፣ መፈክር ተባለ። ሰዉ እጁን ያነሳል፣ ያወርዳል። ከዚያ የደባሱ ቡድን ወጣ። በባንችይርጋ ድምፅ ልክ አነሳችው። አዝማቹ ሲደርስ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ የቆመው ሰው ተቀበላት። ማንም አላዘዘውም። ከፍታው የደከመ ሰው ሳይጨነቅ የሚደርስበት ስለነበር በመጀመሪያ አሮጊቶቹ፣ ቀጥሎም ሽማግሌዎቹ፣ በኋላ ሜዳው ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ "ጎተራው ሞላ፣ ምርቱ ተረፈ" እያለ ተቀበለ። ደባሱ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ገጠመኝ አታውቅም። ሙሉሃብት ደስ ብሎት አጨበጨበ።

ከመድረኩ ሲወርዱ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሳህን ንፍሮና ቁራጭ ዳቦ ተሰጣቸው። ደባሱ ከፋለ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አልበላችም።

"ምነው? ያማረ ነበር እኮ" አላት።

"እሱ ነው ያንገበገበኝ። እላይ ተሰቅሎ ቢቀር ኖሮ ማንም አይቀበለውም ነበር። እኔ ነኝ አውርጄ አፋቸው ውስጥ ያስገባሁት። ባዶ ሆዳቸውን ቆመው ጎተራችን ሞላ አሰኘኋቸው።"

"የቃኘሁት እኔ ነኝ" አለ ከፋለ።

"ያስቃኘሁዎት እኔ ነኝ።"

ዳቦውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ንፍሮውን እያንዳንዷን ፍሬ ቀስ እያለች በላችው።

በማግስቱ ወደ ጋሸና ተነሳች። ድሮ ሁለት ቀን የሚፈጀው መንገድ አራት ቀን ወሰደባት። ውዱን ያገኘችው ከመኪና መቆሚያው በስተጀርባ፣ ከብዙ ሰው ጋር አጥር ጥግ ተቀምጦ ነው። መጀመሪያ አላወቃትም። ዳቦውን በውኃ አርሳ አጎረሰችው። እዚያው ስንዴ እየተጠበቀ ክረምት ከበጋ ተለዋወጠ። ብዙ ሰው አለቀ። እነሱ ተረፉ። በ1977 ሰኔ በዕርዳታ የተሰጣቸውን ዘር ተሸክመው መንደራቸው ገቡ። ባንችይርጋ አልነበረችም። ስለ ሸጌ የሰማ ሰው አልተገኘም። ከፋለ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሯል።

ነሐሴ ላይ ሙሉሃብት መዝገብ ይዞ ደጃፏ ድረስ መጣ። በዓሉ ሊደርስ ነው፣ አዲስ ቡድን ይቋቋማል አላት።

ደባሱ በጎረቤት በሬ ያረሱትን ቁራሽ መሬት እያረመች ነበር። ቀና ስትል ወገቧን ያዘች።

"ድምፄ ሄዷል ጌታዬ" አለችው።

ድምፅዋ አልሄደም ነበር። ሙሉሃብትም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ከመዝገቡ ስሟን ሰርዞ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።