የአባቴ ምርጫ፦ ከጥርባ እስከ ዳንግላ

«ፈረስ እኮ አይደለም አባባ! በሽታ ነው! በሽታ ተዙሮ ይታያል እንዴ?»

«በሽታውንማ አውቀዋለሁ፤ ከእኔው ጋር ነው ያለው» አሉ አባቴ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። «የማየው የታከሙትን ሰዎች ነው። ፈረስ ስገዛ የጋለበውን ሳልጠይቅ ገዝቼ አላውቅም። ገላዬን ከፈረስ አላሳንሰውም።»

ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ እንዲህ ያደረግሃቸው! ሐኪሙ ፊት የነበርከው አንተ ነህ። ቁርጡን ነግረሃቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሻንጣ እናዘጋጅ ነበር።»

ቁርጡን አለመንገሬ እውነት ነበር፤ እሱ ባሰበው መንገድ ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ማለዳ ነው፤ እንጅባራ፣ ሙሉቀን ቤት። ከሁለት ሳምንት በፊት ባሕር ዳር ላይ ሐኪም የአባቴን የናሙና ውጤት አነበበልን፦ የፕሮስቴት ካንሰር። ከእጢው አልወጣም፣ ዝግ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው፣ ሦስት መንገድ አለ፣ የሚያጣድፍ ነገር የለምና ተማክራችሁ ተመለሱ አለን። ሙሉቀን ግን በሚያውቀው ሰው በኩል ለሰኞ የቀዶ ጥገና ተራ አስያዘ። አባቴ በግምጃ ቤት ከተማ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጥር በመጣ ቁጥር ለአዊ ፈረሰኞች በዓል ፈረሳቸውን ሸልመው ይሰለፋሉ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያገቧት እትዬ የሻረግ ገና አርባዋን አልዘለለችም።

አባቴ ከሰኞ በፊት ሁለት ሰዎች ማየት ፈለጉ። ጥርባ ላይ በቀዶ ጥገና የታከሙ ጡረተኛ መምህር አሉ፤ ዳንግላ ላይ ደግሞ ጨረር የወሰዱ ነጋዴ። ሦስተኛው መንገድ ሳይነኩ በምርመራ መከታተል ነው። ያንን የመረጠ ሰው ብጠይቅ ብጠይቅ አጣሁ። የተቀደደን ሰው አገር ያውቀዋል፤ እየተከታተለ የሚጠብቅ ሰው ግን ከጤነኛ በምን ይለያል?

ወደ ጥርባ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ባጃጁ ለእያንዳንዳችን ስድሳ ብር ጠየቀን። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ ግራና ቀኝ ለከሰል የተተከለው የዲከረንስ ዛፍ ግማሹ ብቻ ይታያል። አባቴ ከወገባቸው ቀጥ ብለው ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። እኔ ስለ ባሕር ዳሩ ቀን አስባለሁ።

የአባቴ አማርኛ ለገበያ ይበቃቸዋል፤ ሐኪም ፊት ግን ያጥራል። ስለዚህ የተባለውን በአዊኛ የምመልስላቸው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ፣ ከቀዶ ጥገናም ከጨረርም በኋላ ወንድነት ሊደክም እንደሚችል በግልጽ ተናገረ። አባቴ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠበቁኝ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ቃል ቸግሮኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን ለወላጅ አባቴ የሚነገር ቃል አጣሁና «ትንሽ ድካም ይኖራል» ብዬ አለፍኩት።

መምህር አስማረ ከጥርባ ሐይቅ በላይ ባለ ቤታቸው ቅቅል ድንች በአዋዜ አቀረቡልን። «ተቆርጦ ወጣ፣ አለቀ» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ደሜ ሲመረመር ምንም አይገኝበትም። እንቅልፌን እተኛለሁ።»

አባቴ ስለ አንድ ግትር በቅሎ ቀልድ ቢያወሩ መምህሩ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ግን መሐል ላይ ቆርጠው እግራቸውን አጣመሩ። በመስኮቱ በኩል ከጓሮ ገመድ ላይ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ቁራጭ ጨርቆች ተሰጥተው ይታያሉ። ቤቱ ውስጥ ሕፃን የለም። አባቴም ጨርቆቹን ሲያዩ አየኋቸው።

«ታዬ፣ ውጣና ሐይቁን እይ» አሉኝ።

«ሐይቁን አውቀዋለሁ አባባ።»

«እንግዲያው ሄደህ ሰላም በለው።»

ወጣሁ። ጉሙ ሲገለጥ ውኃው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከታች ታየኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ። አባቴ ሲወጡ ፊታቸው ተለውጧል። አስፋልቱ ስንደርስ ቆም አሉ።

«መምህሩ የነገሩኝን ሐኪሙ ነግሮህ ነበር?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ምኑን እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

«ነግሮኝ ነበር።»

ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ። «ግጥም ይጽፋል ይሉሃል አይደል?» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ዳንግላ፣ ከሰዓት በኋላ

ከእንጅባራ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን፤ በሰው መቶ ሃምሳ ብር። መንገዱ ሰሞኑን ሲከፈት ሲዘጋ ስለሰነበተ ሰዉ ተደራርቦ ነው የተጫነው። አዲስ ቅዳም ስንደርስ የከሰል ማዳበሪያዎች ከመንገዱ ዳር እንደ አጥር ተደርድረዋል። ኔትወርክ የለም። ሙሉቀን ሊደውል እንደማይችል ሳውቅ ትንሽ ተነፈስኩ።

ከአዲስ ቅዳም አለፍ ብሎ ፍተሻ ላይ ወርደን በእግር እንድንሻገር ተነገረን። አባቴ ክንዴን ይዘው ከሰዉ ወደ ኋላ አስቀሩኝ። «አሁን ንገረኝ። አንድም ሳታስቀር።»

መሬት መሬቱን እያየሁ ጀመርኩ። «ቀዶ ጥገናው እጢውን ያወጣዋል። ሽንት መቋጠር ያስቸግራል፤ ብዙው ሰው በወራት ውስጥ ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ላይ ይቀራል። ከሚስት ጋር መሆንም... ይደክማል። ለአንዳንዱ ይመለሳል፣ ለአንዳንዱ አይመለስም።»

«ቀጥል።»

«ጨረሩ ሳይቀድ እዚያው ይገድለዋል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሳምንታት መመላለስ አለው። ሆድ ዕቃን ያውካል። ወንድነትን ወዲያው ባይነካውም ቆይቶ ሊያደክመው ይችላል።»

«ሦስተኛውስ?»

«እየተከታተሉ መቆየት ነው። በየስድስት ወሩ የደም ምርመራ፣ አልፎ አልፎ እንደገና ናሙና። ከተንቀሳቀሰ ያኔ ይታከማል።»

«ሳናየው ቢያመልጠንስ?»

«አደጋው እሱ ነው። ምርመራው የሚደረገው በሽታው እንዳይቀድመን ነው አለ። ለእርስዎ ዓይነቱ ሦስቱም ያስኬዳሉ፤ በዕድሜ በኩል ብዙም አይለያዩም፤ የሚለያዩት በሚያመጡት ጣጣ ነው አለን።»

ወታደሩ መታወቂያችንን አይቶ መለሰልን። አባቴ የእሳቸውን ወደ ኪሳቸው እየከተቱ «ይህን ሁሉ ነው ትንሽ ድካም ያልከኝ?» አሉ።

የዳንግላው ሀጂ ኑሩ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አባቴ ለፈረሳቸው ልብስ የሚሆን ቀይ ጨርቅ ከእሳቸው ሱቅ ስለሚገዙ ድሮ ይተዋወቃሉ። ገና ሳንቀመጥ ነገሩ ገባቸው።

«ጨረሩ አያምም» አሉ። «የሚያምመው አዲስ አበባ ነው! ሁለት ወር ሙሉ ታክሲ ተጋፍቼ ሄጄ የምተኛው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሆዴም ተረብሾ ነበር፤ ደም አይቼ ደንግጫለሁ፤ በኋላ ተወኝ። መርፌም አለው። ወንድነትን የሚመግበውን ነገር ያደርቅልሃል። ላብ ያጠምቀኝ ነበር። እኔና ሚስቴ በአንድ ማራገቢያ ተጣላን።»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስለገባኝ ብድግ አልኩ።

«ወዴት ነው?» አሉ ሀጂ። «ተቀመጥ! ነገ የአንተም ነው። እኛ ስናፍር እናንተ ሳታውቁ ትታመማላችሁ።»

አባቴን አየሁ። በአገጫቸው ወደ መቀመጫው ጠቆሙኝ። ተቀመጥኩ።

«አሁንስ?» አሉ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«መርፌው ካበቃ ዓመት አለፈው። እንደ ድሮው ነው ብልህ ዋሸሁ፤ የለም ብልህም ዋሸሁ።» ሀጂ ሜትራቸውን ጠቀለሉ። «ግን የእኔን እንዳለ አትቅዳ። የእኔ ቸኩሎ ነበር፤ ጠብቅ ያለኝ የለም። አንተን ጠብቅ ካሉህ ለምን እንዳሉህ አጥብቀህ ጠይቅ።»

እሑድ፣ ወደ እንጅባራ

ሀጂ ዘንድ አድረን ጠዋት ተመለስን። አባቴ ከሾፌሩ ኋላ፣ እኔ ከጎናቸው። ሙሉቀን ለምን እንደሚቸኩል አውቃለሁ። እናታችን ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት ይዛ ሁለት ዓመት ስትቀመጥ እሱ ሥራ ፍለጋ መተማ ነበር፤ የደረሰው ለቀብሯ ነው። ከዚያ ወዲህ «ቆይ» የሚባል ቃል ሲሰማ ደም ሥሩ ይገታተራል።

በዚህ መንገድ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። አፍሬ የዘለልኩትን ቃል አክብሮት ብዬው ነበር። አክብሮት አልነበረም፤ አባቴ በገዛ ገላቸው ላይ የሚወስኑበትን ነገር መንጠቅ ነበር።

ሙሉቀን ቤቱ ገብተን ገና ሳንቀመጥ «ነገ ባሕር ዳር ማልደን ነው የምንገባው» አለ። «ሾፌር አናግሬያለሁ።»

«አልሄድም» አሉ አባቴ። «እየተመረመርኩ እቆያለሁ። ከተንቀሳቀሰ ወደ ጨረሩ እሄዳለሁ። ለየሻረግም ዛሬውኑ እነግራታለሁ።»

«መቆየት! እማማ ቆይታ አይደለም የሞተችው?»

የሙሉቀን ሚስት የያዘችውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እናትህንማ ተውናት» አሉ አባቴ። «አንድ ቀን እንኳ ሐኪም ፊት አላቀረብኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። እኔ የምለው ግን መተው አይደለም። ቀኑን ቆጥሬ እሄዳለሁ። ለመጀመሪያው ምርመራ አንተ ውሰደኝ።»

ሙሉቀን ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «አንተስ? ዝም ልትል ነው?»

«ሐኪሙ ያለውን አሁን ሁሉንም ያውቃሉ። ምርጫው የእሳቸው ነው።»

«ሲብስባቸው አጠገባቸው የምትቆመው አንተ ነህ። እኔን እንዳትጠሩኝ።»

«እቆማለሁ።»

«ሙሌ፣ እህል ቅመስ እንጂ» አለች ሚስቱ። አልሰማትም። ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ በአባቴ ፊት አለፈ። አባቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጣታቸው እጅጌውን ነካው፤ አልቆመም። ወጣና የቆርቆሮውን በር ከኋላው ዘጋው።