ያፈንኩት ማስነጠስ

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጋመስ አዳማ ላይ ነፋሱ ይነሳል። አቧራውና የአረሙ ብናኝ አብረው ይመጣሉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ ወቅት አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ዓይኔ ይቀላል፣ ቀኑን ሙሉ ያስነጥሰኛል። ዘንድሮ ግን አንገቴም ተጨመረ። መጀመሪያ ዞሮ ማየት አቃተኝ፤ ቀጥሎ ሕመሙ በትከሻዬ መሃል ወርዶ ወገቤን ያዘው። ወንበር ላይ ሩብ ሰዓት መቀመጥ አልቻልኩም።

ለባለቤቴ ሙት ዓመት ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የተቀበረው በትውልድ አገሩ በቡልቡላ ነው፤ ከአዳማ የሰዓታት መንገድ። በዚህ ወገብ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ቡልቡላ እንደማልደርስ አውቄዋለሁ። ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ የዚያን ቀን እዚያ አለመገኘትን ግን አልችለውም ነበር።

ስለዚህ አከርካሪን በእጁ የሚያክም አንድ ወጣት ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። በሩ ላይ «ካይሮፕራክቲክ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሰፈሩ ግን «የተማረው ወጌሻ» ነው የሚለው። ከመጋረጃው ወዲያ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሠራ የከባድ መኪና ሹፌር ተኝቶ ነበር። ፊቱን ሳላየው ድምፁ መጣ።

«እማማ፣ አይፍሩ። ከሞጆ ጅቡቲ ሲጮህ የኖረ ወገብ እዚህ ገብቶ ነው ዝም ያለው።»

«ወገብህስ ዝም አለ፤ አንተን ነው ዝም ማሰኘት ያቃተኝ» አለው ባለሙያው።

ባለሙያው ይዤ የመጣሁትን ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየ። ከዚያ ሁለት ጣቱን ከራስ ቅሌ ሥር አኑሮ ቀስ እያለ ወረደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የት እንደሚያመኝ ገና አልነገርኩትም፤ ሕመሙ ግን ልክ እዚያ ነበር።

«እማማ፣ ሲያስነጥስዎ ያፍኑታል?»

«ማን ነገረህ?»

«አንገትዎ ነዋ! አፍንጫዎን ይዘው፣ አገጭዎን ደረትዎ ላይ ደፍተው ነው የሚያፍኑት።»

ለልጆቼ እንኳ ያልተናገርኩትን ነገር ሰው በጣቱ ዳብሶ እንደሚያገኘው አላውቅም ነበር።

እኛ ቤት ሲያስነጥሰኝ ባለቤቴ ካለበት ክፍል ሆኖ «ይማርሽ» ይለኛል፤ እኔም «ያኑርህ» እለዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ተባባልን። በሞተ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ አስነጠሰኝ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን «ይማርሽ» አሉኝ። መልሱ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት ያኑርህ ስል የኖርኩት የት ገባ? ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ይማርሽ እንዳይለኝ ማስነጠሴን አፈንኩ።

ለወጣቱ ግን «ልማድ ሆኖብኝ ነው» ብቻ አልኩት።

«ይተዉት። ለአለርጂው ሐኪም ጋ ሄደው መድኃኒት ይውሰዱ፤ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም። እኔ ባላላው እርስዎ መልሰው ያጠብቁታል።»

አልጋው ላይ በጎኔ አስተኝቶ ትንፋሼን እንዳወጣ ነገረኝ፤ ሳወጣ ጀርባዬን ተጫነው። አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሙቀት እስከ ጎድን አጥንቶቼ ወረደ፤ ወዲያውም አፍንጫዬን በላኝ። እጄ እንደ ልማዱ ሲነሳ ቀስ ብሎ ያዘኝ።

አስነጠሰኝ። አልጋው ተንቀጠቀጠ።

«ይማርዎት!» አለ ባለሙያው።

«ይማርዎት እማማ! የእኔ መኪና እንኳ እንዲህ አይነሳም!» አለ ሹፌሩ ከመጋረጃው ወዲያ።

ባለሙያው እጄን ለቀቀኝ።

«ያኑራችሁ» አልኩ።

ቃሉ ሙሉውን ወጣ። ያኔ ነው የገባኝ፤ የት ገባ ስል የከረምኩት ልመና የትም አልጠፋም። ሠላሳ አንድ ዓመት ባለቤቴን አኑሮልኛል። ያን ያህል ተሰጥቶኝ ሳለ አንድም ቀን ተገርሜ አለማወቄ ገረመኝ።

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሙት ዓመቱ ዋዜማ በሚኒባስ ቡልቡላ ደረስኩ፤ በማግስቱ መቃብሩ ጋ ጎንበስ ብዬ ማንም ሳይደግፈኝ ቀና አልኩ። የባለቤቴ ታላቅ እህት አተኩረው አዩኝ።

«በዚህ ወገብሽ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት አድርገሽ መጣሽ?»

«ተቀምጬ» አልኳቸው፣ ለራሴም ገና እየገረመኝ።