ሁለት ዘጠኝ ቁጥር በአንድ ሜዳ

የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ሱቄ የደረሰው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ማህተም ያለበት ወረቀት ለነጋዴ ደስ አይልም፤ ወይ ግብር ነው ወይ መዋጮ። ይሄኛው ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ትምህርት ቤቱ በስፖርት ስሙን ላስጠሩ የቀድሞ ተማሪዎች የክብር ሰሌዳ እያዘጋጀ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ይመረቃል፤ ከሰባቱ ተመራጮች አንዱ እኔ ነኝ። ምክንያቱም ተጽፏል፦ «በትምህርት ቤቶች ውድድር ፍጻሜ ዋንጫ ያስገኘችውን ብቸኛ ጎል በማስቆጠርዎ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ አጥፌ ከልጆች ቁምጣ ሥር ሸጎጥኩት። እስከ ቀትር ድረስ ሦስት ጊዜ አውጥቼ መልሼ ሸጉጫለሁ።

ያቺን ጎል እኔ አላስቆጠርኳትም።

ነገሩ የተጀመረው ከአባቴ ሱቅ ነው። አባቴ ከደጋ መጥቶ እዚሁ ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ይሸጥ ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ቦንዳ እፈታለሁ። የስፖርት ቲቸራችን ለፍጻሜው ማሊያ እንደሌለን ሲነግረን እጄን አወጣሁና «አባቴ ይሰጣል» አልኩ። አባቴን አልጠየቅኩትም። አባቴም ሰው ፊት እምቢ ማለት ስለማይወድ ከአንድ ቦንዳ የወጡ ቢጫ ማሊያዎችን ሰጠ።

«ቁጥራቸውን አይተሃል?» አለኝ ቲቸር።

«ቲቸር ደግሞ! ስለ ልብስ ለኔ ነው የሚነግሩኝ?»

አላየሁም ነበር። ፍጻሜው ወደሚካሄድበት ኢታንግ የሚወስደን አይሱዙ ሞተሩን አስነስቶ ማሊያ ስናከፋፍል ዘጠኝ ቁጥር ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንዱን እኔ አስቀድሜ ለብሼዋለሁ። ሁለተኛው የደረሰው ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ ለሚቀመጠው ጓደኛዬ ነው። እሱ የዚሁ የባሮ ዳር ልጅ ነው፤ በቁመት እኔን በአንድ ክንድ ይበልጣል፤ ተከላካይ ነበር።

ቲቸር ሁለት ዘጠኝ አንድ ሜዳ ላይ አይቆምም ብሎ ጮኸ። እኔም ከመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ነጭ ፕላስተር ቆርጬ ከጓደኛዬ ጀርባ ላይ፣ ከዘጠኙ ፊት፣ አንድ ቁጥር ለጠፍኩ። አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ቲቸርም በተጫዋቾች ዝርዝር ላይ እንደዚያው ጻፈው።

«ይይዛል?» አለኝ ጓደኛዬ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ።

«ማሊያው ያልቃል እንጂ እሷ አትላቀቅም» አልኩት። ዛሬም ለደንበኛ ስሸጥ የምናገረው ይህንኑ ነው፤ ዋስትናውም ከዚያን ጊዜ አልተሻሻለም።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ዝናቡ ወረደ። ሜዳው ጭቃ ሆነ፤ እኛም ጭቃ ሆንን። ሊያልቅ ሲል የማዕዘን ምት አገኘንና ተከላካዮቹ ሳይቀሩ ወደ ፊት መጡ። ኳሷ ስትመጣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ዘለልኩ። ከጭንቅላቴ በላይ አንድ ነገር ጧ ሲል ሰማሁ፤ ስወድቅ መረቡ ውስጥ፣ ኳሷም ከሆዴ ሥር ነበረች። ጓደኞቼ ላዬ ላይ ተከመሩብኝ። በእግራቸው መሃል አሻግሬ ሳይ ጓደኛዬ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ግንባሩን ያሻል። ጀርባው ላይ ያለው ዘጠኝ ብቻ ነው። የአንድ ቁጥሯን ፕላስተር ዝናቡ ወስዷታል።

ዳኛው ሐቀኛ ሰው ነበር። ያየውን ጻፈ፦ «ዘጠኝ ቁጥር፣ በግንባር።» በዝርዝሩ ላይ ደግሞ ዘጠኝ ቁጥር እኔ ነኝ። እኔ ኳስ በግንባሬ ነክቼ አላውቅም፤ ግንባሬን ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ተሰልፈን ስሜ ተጠራ። እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ነበር፤ ጉልበቱ ተልጦ ፕላስተር ለጥፎበታል። ፕላስተሯን አወቅኳት፤ ርዝመቷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከሜዳው ላይ አንስቷታል። እንዳየሁበት ሲያይ ጉልበቱን ትንሽ ከፍ አደረገልኝና ጀርባዬን ገፋ አደረገኝ።

«ሂድ እንጂ ዘጠኝ!» አለኝ እየሳቀ።

ሄድኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሄጄ ቀረሁ ማለት ይቻላል። ገበያው ሱቄን የሚያውቀው «የጎሉ ሰውዬ ሱቅ» በሚል ነው። ባጃጅ ነጂ ሳይቀር እንዲህ ሲባል ሰው አምጥቶ ያወርዳል። ጓደኛዬ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጋር የውሃ ሥራ ይሠራል። ከተማ በመጣ ቁጥር በደጄ ሲያልፍ «ዘጠኝ! ሰላም ነው?» ብሎ ይጮኻል። ደንበኞቼ ክብር ይመስላቸዋል። እኔ ግን በጠራኝ ቁጥር ጉልበቱን አያለሁ።

አንድ ቅዳሜ እንደ ሌላው ቅዳሜ ያልፋል። ሰሌዳ ግን አያልፍም፤ ሲሚንቶ ላይ ይቸከላል። የእሱ ልጆች የሚማሩት እዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ በየቀኑ ከሥሩ ይሰለፋሉ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ስዞር ዋልኩ። ሸሚዝ ለጠየቀኝ ሱሪ አወረድኩ። በር ላይ እቆማለሁ፣ እገባለሁ፣ የተጣጠፈውን ደግሜ አጥፋለሁ። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ስሰግድ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደነበርኩ ጠፋኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉንዳን ገብቶብሃል? ቁጭ በል እንጂ!» አለችኝ ባለቤቴ።

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱ ዛሬ ነው እንዴ ጋምቤላ የገባው?»

ሐሙስ ጀዊ ሄድኩ። ጓደኛዬን የቧንቧ መክፈቻ በእጁ ይዞ ከአንድ ትልቅ የውሃ ሮቶ ሥር አገኘሁት። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ሳየው ግን የወጣኝ «ቅዳሜ ትምህርት ቤት ዝግጅት አለ፤ ትመጣለህ?» የሚል ብቻ ነው።

«ሰምቻለሁ። ምን ልሠራ? ላጨበጭብልህ?»

«እንዲያው... ና ብዬ ነው።»

«እመጣለሁ ዘጠኝ። እኔ ሳላጨበጭብልህ ምን ጎል አለህ?» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና መክፈቻውን በሱሪው ጠረገ። «ትንሿ ልጄ ጠየቀችኝ። አባዬ፣ አንተስ ያኔ አልተጫወትክም? አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ተጫውቻለሁ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?»

ከዚያ በቀጥታ ኒውላንድ ሰፈር፣ ሰሌዳውን ወደሚጽፈው ማስታወቂያ ሠሪ ሄድኩ። ሰሌዳው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ስድስት ስም ከነማሊያ ቁጥሩ ተጽፎበታል፤ ከታች አንድ መስመር ባዶ ነው።

«ያንተን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስምህ ረጅም ስለሆነ ነው» አለኝ።

«የኔን አትጻፍ። ይሄን ጻፍ» ብዬ የጓደኛዬን ስም በወረቀት ሰጠሁት።

«ኮሚቴው ያውቃል?»

«ያውቃል፣ ቅዳሜ ያውቃል።»

«ኋላ እኔን ጣጣ ውስጥ እንዳታስገባኝ!»

«የሚቀረው የኔ ስም ነው። ስሜን አልፈልግም ብል ማን ይከሰኛል?»

ትንሽ አሰበ። ብሩሹን ነከረ። «ቁጥሩስ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

ለኮሚቴው ቀድሜ መንገር እችል ነበር። አልነገርኩም። ቢነገራቸው ስብሰባ ይጠራሉ፤ ስብሰባ ከተጠራ ሁለታችንንም እንጻፍ ይባላል፤ እኔም እሺ እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ ከኒሙ ዛፍ ሥር ወንበር ተደርድሮ ተቀመጥን። ጓደኛዬ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከወላጆች መሃል ተቀምጧል። ቲቸር ጡረታ ወጥቶ አርጅቷል፤ ከዘራውን ተደግፎ ፊት ወንበር ላይ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ስም እየጠራ ሜዳሊያ ያጠልቃል። እኔ ጋ ሲደርስ «የታሪካዊቷ ጎል ባለቤት!» አለና በዚያው ቅጽበት የሰሌዳው ጨርቅ ተነሳ።

መጀመሪያ ያጨበጨቡት አነበቡና ጭብጨባቸው ላላ። ርዕሰ መምህሩ ወደ ሰሌዳው፣ ወደ እኔ፣ ወደ ወረቀቱ ያያል።

«ጸሐፊው ተሳስቷል» አለ።

«እኔ አልተሳሳትኩም! ራሱ ነው ያስጻፈኝ!» ብሎ ማስታወቂያ ሠሪው ከኋላ ተነሳ።

ቆምኩ። የማሊያውን፣ የፕላስተሩን፣ የዝናቡን ነገር ተናገርኩ። ዓይኔን መጨፈኔን ስናገር ሰው ሳቀ። ፕላስተሯ ጉልበት ላይ መለጠፏን ስናገር ጓደኛዬ ራሱ ከሁሉ በላይ ሳቀ። አንገቴ ላይ ሊጠለቅ የነበረውን ሜዳሊያ ለእሱ አጠለቁለት። ትንሿ ልጁ ሮጣ ሄዳ ሰሌዳውን በጣቷ ነካች፤ ቀለሙ ደርቆ ነበር። ለጊዜው ሸክም ከላዬ የወረደ መሰለኝ።

ከዝግጅቱ በኋላ ሁለታችንም ቲቸርን ልንሰናበት ሄድን።

«ደግ አደረግህ» አለኝ። «እኔማ አውቅ ነበር። ከጎሉ ጎን የውሃ ጀሪካን ይዤ ቆሜ ነበር እኮ፤ ግንባሩን ሲመታት አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉ?» አልኩት።

ቲቸር በየዋህነት ፈገግ አለ። «በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ማሊያ ያስፈልገን ነበር። አባትህ ደስ እንዲለው ብዬ ነው።»

ጓደኛዬን አየሁት። ሳቁ ፊቱ ላይ ተጀምሮ ቆሟል። ለዚህ ሁሉ ዓመት የዝናብ ቀልድ ነው ብሎ የያዘው ነገር ነበር፤ እኔና እሱ ብቻ የምናውቀው፣ ማንም ያላሰበበት። አሁን ያሰበበት ሰው እንደነበረ ሰማ። ሜዳሊያውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ የቲቸርን እጅ ጨበጠ፤ ልጁን ይዞ ሄደ።

አሁንም ከተማ ሲመጣ በደጄ ያልፋል። ይቆማል፤ ልጆቼን ይጠይቃል፤ እንዲያውም በፊት ከሚቆመው በላይ ይቆያል። ነገር ግን «ዘጠኝ» ብሎ አይጮህም። በስሜ ይጠራኛል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደንበኛ። እስካሁን አልለመድኩትም፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ ዘግይቼ ነው የምዞረው።